ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው ወይስ የካዝናው?

የእግር ኳስ ነገር ሲነሣ፣ በዚህ በሥላሴ አካባቢም ሆነ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉት ሻይ ቤቶች፣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሁለት ቃላት ላይ ነው፤ አንዱ «አሠልጣኙ»፣ ሌላው «ገንዘቡ»። ቡድን ተሸነፈ እንበል። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ገና ሳይነፋ አንደኛው ወገን «ሰውዬው አሰላለፍ አያውቅም፣ ይነሣልን!» ሲል፣ ሌላኛው «ኧረ ተው! ባዶ ካዝና ታቅፎ ማን ተአምር ሠርቶ ያውቃል?» ብሎ ይመልሳል። በተቋማችን መኝታ ቤቶችም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁለት እጩ መምህራን በዚሁ ጉዳይ ተኳርፈው፣ በአንድ ገበታ እየቀረቡ ለሦስት ቀን ሳይነጋገሩ መሰንበታቸውን ያላየ የለም። ስማቸውን አናነሣም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ኩርፊያውን ለማስታረቅ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት በምን ላይ እንደቆመ፣ የትኛው አባባል በማስረጃ እንደሚደገፍና የትኛው በስሜት ብቻ እንደሚጮኽ በተቻለ መጠን ለማስረዳት ነው። ደግሞም ጉዳዩ የኳስ አፍቃሪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአገራችን ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት ከመንግሥታዊ ድርጅት ወይም ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ስለሆነ፣ ተጫዋቹ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ መምህሩ ከሚከፈልበት ካዝና ነው። ስለዚህ ኳስ የማይወድ አንባቢም ቆም ብሎ ቢያነብ አይጎዳም።

በቅድሚያ ሰፈራችንን እናስታውስ። ከዚህ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። የአገሪቱ አንጋፋ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። በ1928 ዓ.ም.፣ ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ የአራዳ ወጣቶች መሠረቱት። በወራሪው ዘመን ስሙ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። (መቼም ያኔም ቢሆን «ባለ ገንዘቡ ወሰደው» ያለ የአራዳ ልጅ አይጠፋም።) ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮናነት ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ሲሆን፣ በደርግ ዘመን በቢራ ፋብሪካ ስም የተጫወተባቸው ዓመታት ተጨምረው እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ከ30 ያላነሰ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ይህን ያህል ማሸነፍ የለመደ ደጋፊ ደግሞ ሽንፈትን እንደ ጨዋታ ውጤት አያየውም፤ እንደ በደል ያየዋል። በደል ካለ በዳይ መገኘት አለበት፤ ፍለጋው ከአሠልጣኙ ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቃል እንምጣ። የጨዋታ ሥልት የምንለው ነገር ለመሆኑ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሥልት ሲባል የሚታየው የቁጥር ድርድር ነው፤ 4-4-2፣ 4-3-3፣ 3-5-2 እያለ ይቆጥራል። ይህ ግን አሰላለፍ እንጂ ሥልት አይደለም። አሰላለፍ ማለት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ረድፍ እንደ ማለት ነው፤ ረድፉን አይቶ መምህሩ ምን እንደሚያስተምር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሥልት የሚባለው ኳስ በእግራችን ስትሆን በየት በኩል እንወጣለን፣ ስንነጠቅ ወዲያው እንሻማለን ወይስ ወደ ኋላ እናፈገፍጋለን፣ ተጋጣሚን ከሜዳው በየትኛው ክፍል እንጠብቃለን ለሚሉት ጥያቄዎች ቡድኑ በሙሉ በአንድነት የሚሰጠው መልስ ነው። ሁለት ቡድኖች በአንድ ዓይነት 4-3-3 ገብተው፣ አንዱ ረጅም ኳስ እየጠለዘ ሌላው በአጭር እየተቀባበለ ሊጫወቱ ይችላሉ።

ሥልት ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ከሕግና ከሁኔታ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተሻሽሎ፣ በአጥቂውና በግቡ መካከል መኖር ያለባቸው ተጋጣሚዎች ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ ግብ በዛ። ያን ጊዜ የአርሴናሉ አሠልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን የመሐል አማካዩን ወደ ኋላ ስቦ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው። «ደብልዩ ኤም» የተባለው አሰላለፍ የታወቀው በዚህ ነው፤ ለሠላሳ ዓመት ያህልም ዓለም ሁሉ ሲጫወትበት ኖረ። ማለትም ቻፕማን አዲስ ሕግ የፈጠረበትን ችግር በያዛቸው ሰዎች ፈታ እንጂ፣ ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ አልተፈላሰፈም።

በእኛም አገር ምሳሌ ሞልቷል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ቡድኑን የመሩት የቀድሞው የጊዮርጊስ ተጫዋች አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የዚያን ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነናል፤ ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ያገባው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ይህን ድል ሽማግሌዎቻችን ሲተርኩ «ወኔ ነው!» ይላሉ። ወኔው እውነት ነው። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጨዋታው ወደ 120 ደቂቃ ሲዘልቅ ማን ቀድሞ እንደሚደክም መገመትም አያዳግትም። ደጋፊ ወኔ የሚለውን አሠልጣኝ ትንፋሽ ይለዋል።

አሁን ደግሞ ለክርክራችን ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ወደሚሆነን ጉዳይ እንለፍ፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ቡናና የአሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ ነገር ነው። (የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ስለ ቡና ሲወራ ጋዜጣውን ትታችሁ እንዳትሄዱ። ወደ እናንተም እንመጣለን።) ካሳዬ በተጫዋችነት ዘመኑ የቡና ልጅ ነበር። ከረጅም ጊዜ የውጭ አገር ኑሮ በኋላ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ቡድኑን ተረክቦ አንድ እምነት ይዞ መጣ፤ ኳስ ከግብ ጠባቂው ተነሥታ፣ በአጭር ቅብብል፣ በተከላካዮችና በአማካዮች በኩል አልፋ ወደፊት ትሄዳለች፤ አትጠለዝም። ተጋጣሚ ቢጫንም አትጠለዝም። ግብ ቢገባብንም አትጠለዝም።

ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በሜዳ ላይ ግን የደጋፊን ልብ የሚያቆም ነገር ነው። ግብ ጠባቂው ኳሷን በእግሩ ይዞ ሁለት አጥቂዎች እየሮጡበት ሲመጡ፣ ከጎኑ ላለው ተከላካይ በእርጋታ ሲያቀብል፣ ያ ተከላካይ ደግሞ መልሶ ለግብ ጠባቂው ሲሰጥ፣ ከመቀመጫው ያልተነሣ ማን አለ? አንዲት ስሕተት ከተፈጠረች በቀጥታ ግብ ናት። ተፈጥራም ታውቃለች። እናም ቡናማዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «ይህ ነው ኳስ! ልጆቻችን ማሰብ ጀመሩ» ሲል፣ ሌላው «እኛ ዋንጫ እንጂ የቅብብል ትርኢት አልጠየቅንም» አለ። ክርክሩ ከስታዲየም ወጥቶ ወደ ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ ከሬዲዮ ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቤተሰብ ገበታ ገባ።

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ከኋላ ተነሥቶ መጫወት የሚመረጠው ለውበት ብቻ አይደለም። ተጋጣሚ ኳሷን ለመንጠቅ ሰዎቹን ወደፊት ሲያመጣ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ይተዋል፤ ያንን መስመር ሰብሮ ያለፈ ቡድን ጥቂት ተከላካዮችን ብቻ ያገኛል። ማለትም አደጋውን ሆን ብሎ ወደ ራስ ግብ አካባቢ መጋበዝ ነው፤ ትርፉ በሌላኛው ጫፍ ይሰበሰባል። ይህ እንዲሠራ ግን ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በሁለቱም እግሩ ኳስ መቀበል የሚችልና ሳይቀበል አስቀድሞ ዙሪያውን የሚያይ ተጫዋች፤ ይህ ደግሞ በ25 ዓመቱ የሚማሩት ሳይሆን በ10 ዓመቱ የሚጀመር ነው። ሁለተኛ፣ ኳስ የማትነጥርበት ደልዳላ ሜዳ። ሦስተኛ፣ ጊዜ። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የገንዘብ ጉዳዮች ናቸው። ታዳጊ ማሠልጠን ገንዘብ ነው፣ ሜዳ ገንዘብ ነው። ሦስተኛውን፣ ጊዜን፣ የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ግን ደጋፊው ራሱ ነው።

ውጤቱስ? የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ቡና ፋሲል ከነማን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ዓመት አጥቂው አቡበከር ናስር 29 ግቦች አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ዋንጫ ግን አልመጣም፤ ከ2014ቱ ዘመን በኋላም ካሳዬ ከቡድኑ ጋር አልቀጠለም። ታዲያ ሰውዬው አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ? ዋንጫ ፈላጊው «ተሸነፈ» ይላል። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ግን ይጠይቃል፤ አንድ አጥቂ በአፍሪካ ኃያል ከሚባለው ክለብ ዓይን ውስጥ እንዲገባ ያደረገው ጨዋታ ለክለቡ ካዝና ስንት ዋጋ አለው? በእኔ ግምት ብዙ ደጋፊ ያላየለት ይህንን ነው። ሥልት ለገንዘብ ያለው ጥቅም እንዲህ በጓሮ በር ነው የሚገባው።

ወደ ሁለተኛው ቃል እንለፍ። «ገንዘብ ያለው ያሸንፋል» የሚሉት ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ሳያውቁት ነው እንጂ። ስቴፋን ሲማንስኪ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1997 ድረስ የ40 የእንግሊዝ ክለቦችን ሒሳብ መርምሮ፣ በሊጉ ደረጃቸው መካከል ካለው ልዩነት 92 ከመቶው በሚከፍሉት ደመወዝ ሊገለጽ እንደሚችል አሳይቷል። 92 ከመቶ! ለአሠልጣኙ፣ ለዕድሉ፣ ለዳኛውና ለዝናቡ የቀረው 8 ብቻ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የስታትስቲክስ ኮርስ የወሰዳችሁ ወዲያው ትረዱታላችሁ። ይህ ቁጥር የሃያ ዓመት አማካይ ነው። በአማካይ ብዙ የሚከፍል ከላይ ይቀመጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን የፈለገው ሊሆን ይችላል። ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝን ዋንጫ ሲወስድ ከእሱ እጅግ የሚበልጥ ደመወዝ የሚከፍሉ ክለቦችን ከኋላው አስቀርቷል። አሠልጣኙ ክላውዲዮ ራንየሪ ግን ዋንጫውን ካነሣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ። ደጋፊም ሆነ ባለቤት በአማካይ አያስብም፤ በቅዳሜና እሁድ ነው የሚያስበው።

በእኛ አገር የገንዘቡ ነገር ከእንግሊዙ በዓይነቱ ይለያል። እዚያ ክለብ የሚኖረው በቴሌቪዥን ገንዘብ፣ በመግቢያ ትኬትና በንግድ ነው። እዚህ ግን ንግድ ባንክ፣ መድን፣ መቻል ሲባል ከስሙ እንደሚታየው ከጀርባው ድርጅት አለ፤ ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ ሲባል ከጀርባው አስተዳደር አለ። ጊዮርጊስ የረጅም ጊዜ የበላይ ጠባቂውን የሼክ መሐመድ አል አሙዲን እጅና የቢራ ፋብሪካውን ድጋፍ ይዞ ኖሯል። ቡና ከስሙ እንደሚታየው ከቡናው ዘርፍ ጋር የተሳሰረ ክለብ ነው።

የቴሌቪዥን ገንዘብ ወደ ሊጋችን የገባው በ2013 ዓ.ም. ነው። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከመልቲቾይስ ጋር ለአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ፤ ጨዋታዎችም በዲ.ኤስ.ቲቪ መታየት ጀመሩ። ያን ጊዜ «አበቃ፣ ክለቦቻችን ሀብታም ሆኑ» ያለ ብዙ ነው። እስቲ እናካፍለው። 22.5 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንዲት ሳንቲም ለሌላ ሥራ ሳይወጣ፣ በወቅቱ የሊጉ መደበኛ ቁጥር በነበረው 16 ክለብ እኩል ቢከፈል፣ ለእያንዳንዱ 281 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሰዋል፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 11 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። በሌላ በኩል የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ወስኖ ነበር። 25 ተጫዋቾች በዚህ ጣሪያ ቢከፈላቸው በወር 1 ሚሊዮን 250 ሺህ፣ በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ይሆናል። እንግዲህ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ቢመጣ እንኳ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ ብቻ አይበቃም። አውቶቡሱ፣ ሆቴሉ፣ ሐኪሙ፣ አሠልጣኙና ታዳጊ ቡድኑ ገና አልተነሡም። የጀማሪ መምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ደግሞ በዚህ ግድግዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ስለ ጣሪያውም በሻይ ቤት የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ በወረቀት አንድ ነገር፣ በኪስ ሌላ ነገር ይባላል። ማስረጃ የሌለውን እዚህ አንጽፍም። ነገር ግን የሕጉን ጠባይ ማየት ይቻላል። ጣሪያ ለአንድ ሰው ብቻ ሲደረግ ክለብ ብዙ ሰው በጣሪያው ልክ መቅጠር ይችላል፤ ስለዚህ ባለ ጸጋው አሁንም ጥሩ ጥሩውን ሰብስቦ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። የድሀውን ክለብ የሚጠቅመው ለጠቅላላው የቡድኑ ወጪ የሚደረግ ገደብ ነው፤ እሱም ቢሆን መዝገቡን ገልጦ የሚያይ ሰው ካለ ነው።

ገንዘቡ ከሌላ ሰው ኪስ ሲመጣ የሚከተለውን አደጋ ደግሞ ደደቢት አሳይቶናል። በ2005 ዓ.ም. ጌታነህ ከበደን የመሰለ አጥቂ ይዞ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታች ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫ ወሰደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም ወረደ። ንግድ ባንክ ቡድኑን አንድ ጊዜ አፍርሶ፣ እንደገና አቋቁሞ፣ ባደገበት በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ ከፍና ዝቅ ሲታይ ገንዘቡ ብዙ መሆኑ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥል መሆኑ ምን ያህል እንደሚወስን ግልጽ ነው። በመሀሉ ደመወዝ ለወራት ሳይከፈላቸው አቤት የሚሉ ተጫዋቾችን ዜና በየዓመቱ ሰምተናል። ደመወዝ ያልተከፈለው ተከላካይ መስመሩን ጠብቆ እንዲቆም የሚያደርግ አሰላለፍ እስካሁን አልተፈለሰፈም።

በዚህ ቦታ ላይ የገንዘቡ ወገን ያሸነፈ ይመስላል። አይቸኩል። ከላይ ከተጠቀሰው የጅማ ዋንጫ ጀርባ ማን ነበረ? አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ። በቀጣዩ ዓመት በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ ሻምፒዮን ሲሆንስ? ያው ገብረመድህን። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ዋንጫውን ሲያነሣስ? አሁንም እሱ። ሦስት የተለያዩ ከተሞች፣ ሦስት የተለያዩ ካዝናዎች፣ ሦስት የተለያዩ የተጫዋቾች ስብስቦች፣ አንድ አሠልጣኝ። በሳይንስ ክፍል ሙከራ ስንሠራ አንዱን ነገር ሳንለውጥ ሌላውን ሁሉ እንለውጣለን አይደል? ኳስ እንዲህ ያለ ሙከራ ብዙ ጊዜ አትሰጠንም፤ እዚህ ግን ሰጥታለች። እርግጥ ነው፣ ሦስቱም ክለቦች በየጊዜያቸው ድሀ አልነበሩም። ነገር ግን ያንን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ገንዘብ ይዘው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ሌሎች ነበሩ።

የጊዮርጊስን ነገር እንመጣበታለን ብለን ነበር። ፈረሰኞቹ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወሰዱ። በ2009 ዓ.ም.፣ በሆላንዳዊው ማርት ኖይ ዘመን፣ የኮንጎውን ሌኦፓርድስ ጥለው በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ወደ ምድብ ጨዋታ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኑ። ከምድቡ ማለፍ አልቻሉም። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ከምድቡ ሦስተኛና አራተኛ ለሚወጡት ክለቦች የመደበው 550 ሺህ ዶላር ነበር። ከላይ ካካፈልነው የቴሌቪዥን ድርሻ ጋር አወዳድሩት፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጥሩ ሥልት በሁለት ዙር የደርሶ መልስ ጨዋታ ያመጣውን ያህል ገንዘብ አገር ውስጥ በዓመት ማግኘት አይቻልም ማለት ነው።

ከዚያስ? በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሼክ አል አሙዲ በሳዑዲ ዓረቢያ ታሰሩ፤ እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. አልተፈቱም። ጊዮርጊስ በ2010ም፣ በ2011ም፣ በ2013ም ዋንጫውን አላገኘም። የገንዘቡ ወገን ይህንን ሲያይ «አላልንም ነበር?» ይላል። ግን በእነዚሁ ዓመታት ክለቡን ከፖርቹጋል፣ ከእንግሊዝና ከሰርቢያ የመጡ አሠልጣኞች ተፈራርቀውበታል፤ የውጭ አሠልጣኝ ደግሞ በነጻ አይመጣም። ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ትዕግሥት ጠፍቶ ነበር የሚሉ ደጋፊዎች የሚያነሡት ይህንን ነው። በየዓመቱ አዲስ ሰው፣ በየዓመቱ አዲስ አጨዋወት፣ ተጫዋቹም የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። መጽሐፉ በየወሩ የሚቀየርበትን ክፍል አስቡት። ከዚያ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በአገር በቀሉ ዘሪሁን ሸንገታ እጅ ዋንጫው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወደ አራዳ ተመለሰ። ለእኔ የአሠልጣኙን ወገን ከማንኛውም ነገር በላይ የሚያጠናክረው ይህ ነው፤ ነገር ግን ወገኑ ራሱ በዚህ አይጠቀምበትም፤ «ይነሣልን» ማለት ስለሚቀለው።

ሰፈር ውስጥ አንድ የተለመደ ምልልስ አለ። ወጣቱ «ጋሼ፣ እርስዎ በነበሩበት ዘመን እኮ ገንዘብ አልነበረም፣ ተጫዋቹ ለማልያው ነበር የሚጫወተው» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ «ልጄ፣ ለማልያው ይጫወት እንጂ ከጨዋታው በኋላ ሥራውን የሚሰጠው ድርጅቱ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። እውነታቸውን ነው። ቴሌ፣ ጦር ሠራዊት፣ ጥጥ፣ ምድር ባቡር እያሉ የተጫወቱት ሁሉ ሻምፒዮን የሆኑት የመሥሪያ ቤት ጉልበት ከኋላቸው ስለነበረ ነው። ገንዘብ ትናንት ወደ ኳስ አልገባም፤ መልኩን ብቻ ነው የለወጠው።

በመጨረሻ ስለ ሜዳው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገለው የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ፣ ሊጉም ከ2013 ዓ.ም. አንሥቶ ለበርካታ ዓመታት በየተራ በሐዋሳ፣ በአዳማ፣ በድሬዳዋ፣ በባሕር ዳርና በመሳሰሉት ከተሞች በአንድ ቦታ ተሰባስቦ ሲካሄድ ቆይቷል። ለቴሌቪዥኑ ሥራ ይህ ይመቻል። ለአዲስ አበባው ክለብ ግን የትኬት ገቢውን ቆርጦበታል፤ ለደጋፊውም ክርክሩን እንጂ ጨዋታውን አልተወለትም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሡ ደግሞ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ተቀምጦ ይከራከር የነበረው ሕዝብ ወደየዳርቻው ተበተነ። ቡድኑን በዓይኑ ሳያይ፣ ከጎረቤቱም ተለይቶ፣ በስልክ ላይ በሚያያት አንዲት ግብ ብቻ አሠልጣኝ የሚከስ ደጋፊ የበዛው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል። በአንዲት ግብ ሥልት አይታይም። ሥልት የሚታየው ኳስ በሌለችበት በኩል ያሉት ዘጠኝ ሰዎች ምን እያደረጉ እንደሆነ በማየት ነው፤ እነሱን ደግሞ ካሜራው አያሳይም።

ስለሆነም የስፖርት ክበባችን ከዚህ ጋዜጣ በስተቀኝ አንድ ትልቅ ወረቀት ሰቅሏል። በላዩ አምስት ዓምዶች አሉት፤ የጨዋታው ቀን፣ ግቧ የተገኘችው ከቅብብል ነው ወይስ ከረጅም ኳስ ወይስ ከቆመ ኳስ፣ ኳሷ የተነጠቀችበት የሜዳ ክፍል፣ በሁለተኛው አጋማሽ የተቀየሩት ተጫዋቾች፣ አሠልጣኙ በቡድኑ የቆየበት ወር ብዛት። ጨዋታ ያየ ሰው ሁሉ፣ የጊዮርጊስም ሆነ የቡና ደጋፊ፣ ያየውን ብቻ ይሙላበት። ስድብ የተጻፈበት ረድፍ ይሰረዛል። አሥር ጨዋታዎች ሲሞሉ የሒሳብ ክፍሉ መምህር ደምረው ውጤቱን እዚሁ ግድግዳ ላይ እንደሚለጥፉልን ቃል ገብተዋል። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱት።